«ሄዱ ሞቷል» ከመባሉ በፊት፦ የደጋ ፎቶ ቤቶች የኅትመት ችግር ሲዳሰስ

በደባርቅም ሆነ በዳባት ፎቶ የሚያትም ፕሪንተር ያመፀ ቀን ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ፍርድ «ሄዱ ሞቷል» የሚል ነው፤ ሄድ የሚሉት ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚረጨውን ክፍል ነው። የሙሽራዋ ፊት አረንጓዴ ከመሰለ ሄዱ ነው። ሰማዩ ላይ መስመር ከተጋደመ ሄዱ ነው። ፎቶው ከጠቆረ፣ ከደበዘዘ፣ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ አልደርቅ ካለ አሁንም ሄዱ ነው። ከፍርዱ በኋላ ያለው መንገድ የታወቀ ነው። ማሽኑ በካርቶን ይታሰርና በሚኒባስ ጎንደር ይወርዳል፤ እዚያ ካልተሳካ አዲስ አበባ ይላካል፤ ያም ካልሆነ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ለመለዋወጫ ይሸጠውና አዲስ ይገዛል። ሄድ ደግሞ ከፕሪንተር ዕቃዎች ሁሉ ውዱ ነው።

እርግጥ ሄድ የሚሞትበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በእሱ ላይ ከሚለጠፈው ጥፋት ብዙው የወረቀት፣ የቀለም፣ የመብራት፣ የብርድ ወይም የኮምፒውተሩ ጥፋት ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ደህናው ሄድ «ሞቷል» ተብሎ ሊታከም ሲሞከር መሞቱ ነው። ስለዚህ ሄድ በመጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ መጠርጠር የለበትም።

ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ለማያውቀው ሰው ነው። የሰሜን ደጋ ፎቶ ቤት ብዙ ዓይነት ሥራ አለበት። የተማሪና የሥራ ፈላጊ ጉርድ ፎቶ አለ፤ የሠርግ አልበም አለ፤ በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ምክንያት የምርቃት ፎቶ ተጨምሯል። ለለቅሶ የሚፈለገው ትልቅ ፎቶም አለ፤ ሌሊት ተነግሮ ጠዋት የሚደርስ፣ ከአሮጌ መታወቂያ ላይ ተነሥቶ የሚተልቅ፣ ባለቤቱን «ነገ ና» ማለት የማይቻልበት። ወደ ተራሮቹ፣ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ የሚወጣው እንግዳና አስጎብኚው የሚያመጡት የጭላዳ፣ የዋልያና የገደል ፎቶም በዚህ ላይ ይታከላል። ለእያንዳንዱ የሚጎዳው ስሕተት ይለያያል። ጉርድ ፎቶ ላይ ስስ መስመር ማንም አያይም፤ የእሜት ጎጎ ተራራ ሰማይ ላይ ግን ያቺው መስመር ከሩቅ ታስታውቃለች።

ፎቶ ቤቶች በብዛት የያዟቸው የኤፕሰን ባለታንክ ማሽኖች ናቸው፤ ኤል 800፣ ኤል 805፣ ለሰፊ ወረቀት ኤል 1800። ስድስት ቀለም ይጠቀማሉ፦ ጥቁር፣ ሳያን፣ ማጄንታ፣ ቢጫ፣ ላይት ሳያንና ላይት ማጄንታ። የኤል 805 ሄድ ለእያንዳንዱ ቀለም 90 ቀዳዳ አለው፤ የምትወጣው ትንሿ ጠብታ 1.5 ፒኮ ሊትር ናት፤ አንድ ፒኮ ሊትር የሊትር አንድ ትሪሊዮንኛ ነው። ቀዳዳው ከሰው ፀጉር ይቀጥናል። በዚህ ላይ አቧራና የደረቀ ቀለም ምን እንደሚሠራ መገመት አያዳግትም።

የታንኩ ሐሳብ አመጣጥ ደስ ይላል። በኢንዶኔዥያ ሰዎች ካርትሪጅ መግዛት ሲመራቸው በፕሪንተሩ ጎን ጠርሙስና ቱቦ እያስገጠሙ ይሠሩ ነበር፤ ኤፕሰንም ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2010 የራሱን ባለታንክ ማሽን መጀመሪያ እዚያው አገር ለገበያ አቀረበ። ከጥገና ቤት የተወለደ ዕቃ ነው፤ ጥገና ቤት ቢድንም አይገርምም።

ከካነንና ከኤችፒ ጋር ያለው ልዩነት ለጠጋኝ ትርጉም አለው። ኤፕሰን ቀለሙን የሚገፋው ኤሌክትሪክ ሲደርሰው በሚለጠጥና በሚኮማተር ፒዬዞ በሚባል ቁስ ነው። ካነንና ኤችፒ ቀለሙን በቅጽበት አግለው በአረፋ ያስፈነጥሩታል። የካነን ሰዎች ይህ የታያቸው እ.ኤ.አ. በ1977 የጋለ የብየዳ ብረት ቀለም የያዘ የሲሪንጅ መርፌ ነክቶ ቀለሙ ተፈናጥሮ ሲወጣ ነው። የካነን ባለታንክ ሄድ በእጅ ወጥቶ ይታጠባል፣ ይቀየራል፤ ቀለም ሳይደርሰው ብዙ ከሠራ ግን ማሞቂያው ይቃጠላል። የኤፕሰን ሄድ ማሞቂያ ስለሌለው በዚያ መንገድ አይቃጠልም፤ በአንጻሩ ከማሽኑ ጋር ተገጥሞ የሚኖር ስለሆነ መፍታቱ የባለሙያ ሥራ ነው። ከዚህ በታች የምለው በአብዛኛው ስለ ኤፕሰን ነው።

ምርመራ የሚጀምረው ከኖዝል ቼክ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚሰጥ አስተያየት ሁሉ ግምት ነው። በተራ ነጭ ወረቀት ሲታተም በየቀለሙ ደረጃ የሠሩ አጫጭር መስመሮች ይወጣሉ። አንዲት መስመር ከጎደለች አንድ ቀዳዳ ቀለም አልተፋም ማለት ነው። ጥቁሩና ማጄንታው ለዓይን ግልጽ ናቸው። የሚያስቸግረው ቢጫው ነው፤ ነጭ ላይ ቢጫ መስመር መቁጠር ስለሚያደክም ብዙው ሰው «ደህና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ለዚህ ርካሽ መላ አለ። ክፍሉን ማጨለም፣ በስልክ ስክሪኑን የሞላ ሰማያዊ ምስል መክፈትና ብርሃኑን ወደ ወረቀቱ ማስጠጋት። ቢጫ ቀለም ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚውጥ መስመሮቹ ጠቁረው ይታያሉ፤ የጎደለችውም ቦታዋ ባዶ ሆኖ ይለያል።

ቼኩን አከታትሎ ሁለት ጊዜ ማተም ደግሞ ብዙ ሰው የማያደርገው፣ ግን ከሁሉ የበለጠ የሚናገር ነገር ነው። ጉድለቱ በሁለቱም ወረቀት እዚያው ቦታ ላይ ከሆነ ቀዳዳው ደርቋል። ቦታ እየቀየረ ከሆነ ግን የደረቀ ነገር የለም፤ አየር ገብቷል፣ ወይም ቀለም በበቂ አይደርስም። ገጹ ሲጀምር ደህና ሆኖ ሲጋመስ አንድ ቀለም እየሳሳ የሚጠፋ ከሆነም ያው ነው፤ ቀለሙን ሄዱ ጋ ሳይደርስ የሚያጣራው ዳምፐር ቆሽሿል፣ የታንኩ መተንፈሻ ተዘግቷል፣ ወይም ቀለሙ ከታችኛው ምልክት በታች ወርዶ ቱቦው አየር ስቧል። ከጎንደር ተጭኖ በመጣ ማሽን ላይ ከሁሉ በፊት የሚታየው የቱቦው ቫልቭ ነው። ለጉዞ ተብሎ ይዘጋል፤ ከዚያ ይረሳል። ያን አንድ ቁልፍ ሳያዞሩ በላዩ ላይ ክሊኒንግ የሚባለውን የማሽኑን የራስ ማጽጃ ትእዛዝ መደርደር ሄዱን በባዶ ማስጨነቅ ነው።

ሁለቱም ቼክ ሙሉ ሆኖ ከወጣ ሄዱ አልሞተም፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል፤ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ይፈለጋል።

የታተመውን ፎቶ ማንበብም ይቻላል። እኔ የምመክረው ፊቱን ትቶ በቅድሚያ ጋቢውን ማየት ነው። ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ ፎቶ ላይ ነጭ ብቻ አይደለም፤ በእጥፋቶቹ መካከል ያለው ጥላ ፈዛዛ ግራጫ ነው። ይህን ግራጫ ማሽኑ በአብዛኛው የሚሠራው ከሁለቱ ላይቶችና ከቢጫው ነው። ላይት ማጄንታ ከጎደለ እጥፋቱ አረንጓዴ ይነካዋል፤ ላይት ሳያን ከጎደለ ቀላ ይላል፤ ቢጫው ከጎደለ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ፊት ላይ ግን ይኸው ጉድለት ከጠይሙ፣ ከቀዩ፣ ከጥቁሩ መልክ ጋር ተደባልቆ ያሳስታል። እናም ሽማግሌው ፎቶውን ተቀብለው «ልጄ፣ ይኼ እኔ ነኝ?» ሲሉ «አባቴ፣ ሄዱ ነው» ብሎ ከመመለስ በፊት ትከሻቸው ላይ ያለውን ጋቢ አየት ማድረግ ነው። ጋቢው ንጹሕ ግራጫ ሆኖ ፊቱ ብቻ ከተለወጠ ማሽኑ ነጻ ነው፤ ጥፋቱ የተሠራው ፎቶሾፕ ላይ ነው። ደንበኛው ሳይጠይቅ ፊት የማቅላት ልማድ ብዙ ንጹሕ ፕሪንተር አስወንጅሏል።

ቀለም ለምን ይደርቃል? መመሪያው ማሽኑ ሳይሠራ ብዙ እንዳይቆይ ይመክራል። የደባርቅ ፎቶ ቤት ግን የሚያትመው በፋብሪካው ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ነው። ከጥምቀት በኋላ ጥርን ሙሉ ሠርግ አለ፤ ማሽኑም ያለ ዕረፍት ይሠራል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ይቆማል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በነዚህ ሳምንታት የሚመጣው ጥቂት ጉርድ ፎቶ ነው፤ አንዳንድ ሳምንት እሱም የለም። ወቅቱ ደግሞ የደጋው አየር የሚደርቅበት፣ ነፋሱ አቧራ የሚያነሣበት ነው። ሁለቱ ተደምረው የማሽኑን አፍ ያደርቁታል። ከዚያ ትንሣኤ አልፎ ዳግም ትንሣኤ ይደርስና ሙሽሮች ይመጣሉ፤ ማሽኑ ሲበራ ሁለት ቀለም የለም። ቀጠሮ ተሰጥቷል፣ ቀብድ ተበልቷል። ባለፎቶ ቤቱ ላብ እያጠመቀው ክሊኒንግ ላይ ክሊኒንግ የሚደረድረው፣ ያልታወቀ ፈሳሽም በሲሪንጅ የሚገፋው በዚህ ሰዓት ነው። ማሽኑን ሁዳዴው ያዳክመዋል፤ የሚገድለው ግን የዳግም ትንሣኤ ጥድፊያ ነው።

መድኃኒቱ በጾሙ ወራት በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ፣ ኖዝል ቼክ ማተም ነው። ስድስቱንም ቀለም ያንቀሳቅሳል፤ የሚፈጀው ቀለም ከአንድ ክሊኒንግ ጋር አይወዳደርም። አንዳንዱ በየሳምንቱ ሙሉ ፎቶ ያትማል፤ ክፋት የለውም፣ ወረቀት ማባከን ነው እንጂ። ክሊኒንግን በየሳምንቱ እንደ ልማድ ማድረግ ግን በፍጹም አልደግፍም፤ ምክንያቱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ከፍታውና ብርዱም የራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ከሚወራው ግን ያንሳል። ደባርቅ 2,850 ሜትር ግድም፣ ዳባት 2,600 ሜትር ግድም ላይ ናቸው፤ በደባርቅ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሰባ በመቶ ያህል ነው። በቆላ ታሽጎ የመጣ የቀለም ጠርሙስ ውስጡ ያለው አየር ወደ ውጭ ይገፋል፤ የቺፕስ ላስቲክ ከቆላ ሲወጣ እንደሚነፋው ነው። ጠርሙሱን ቀጥ አድርጎ አቁሞ ክዳኑን በቀስታ ማላላት፣ ሲተነፍስ መጠበቅ፣ ከዚያ መቅዳት። በቱቦ ውስጥ የቀረች አረፋም ማሽኑ ወደ ደጋ ሲወጣ ትሰፋለች፤ ከጉዞ በኋላ ቼኩ ላይ የሚታየው ቦታ የሚቀያይር ጉድለት አንዱ ምንጩ ይህ ነው፤ ማሽኑ አንድ ሌሊት ቀጥ ብሎ ሲያድር ብዙ ጊዜ ይቃለላል። ውሃ ደባርቅ ላይ በ90 ዲግሪ ግድም ስለሚፈላ የካነን ሄድ እዚህ ይቸገራል ብሎ የሚሰጋ ቢኖር አይሥጋ፤ የዚያ ሄድ ማሞቂያ ከ300 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ አሥሯ ዲግሪ አትሰማውም።

ብርዱ ግን ማሽኑን ይሰማዋል። ኤፕሰን ለሥራ የሚመክረው ሙቀት ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከዚያ በታች ይወርዳል፤ የቀዘቀዘ ቀለም ይወፍርና ጠብታው በትክክል አይወጣም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የጎደለው ቼክ አምስት ሰዓት ላይ ሙሉ ሆኖ ይወጣል። በመካከሉ ክሊኒንግ ያደረገ ሰው «ክሊኒንግ አዳነው» ይላል፤ ያዳነው ፀሐይ ነው። ክረምት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ወረቀት እርጥበት ጠጥቶ ጠርዙ ይቆለመማል፤ ሄዱ ሲያልፍ ይዳስሰውና ጥቁር ጭረት ይተዋል። ወረቀቱን ከነላስቲኩ አጥብቆ ዘግቶ በጋደመበት ማስቀመጥ፣ የሚበቃውን ብቻ ማውጣት ነው።

መብራትን በተመለከተ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ነው። ቮልቴጅ ማሽን ያቃጥላል ተብሎ ስታቢላይዘር ይገዛል፤ ጥሩ ነው። የኅትመት ጥራትን የሚጎዳው ግን ድንገት መጥፋቱ ነው። ፕሪንተር በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ ሄዱን ወደ ቀኝ ጥግ ወስዶ ላስቲክ ከንፈር ባለው ክዳን ላይ ያሳርፈዋል፤ ቀዳዳዎቹ ሳይደርቁ የሚያድሩት በዚህ ነው። በኅትመት መሐል መብራት ከሄደ ሄዱ መንገድ ላይ አፉን ከፍቶ ይቀራል፤ ሌሊቱን እንዲያ ካደረ ደረቀ ማለት ነው። ማታ ሱቅ ሲዘጋ ከማከፋፈያው ላይ መንቀልም ክዳኑን ሳያገጥም ሊያስቀረው ይችላል። እነዚህ ማሽኖች ሲያትሙ የሚበሉት ኃይል ከ20 ዋት አይበልጥም፤ ትንሽ ዩፒኤስ የተጀመረውን ገጽ አስጨርሶ በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል። ዩፒኤስ ከሌለ ማሽኑን ነቅሎ ሄዱን በእጅ በቀስታ ወደ ቀኝ ጥግ መግፋት ባዶ ከመተው ይሻላል።

አሁን ወደ ክሊኒንግ። ክሊኒንግ ማለት ከክዳኑ ሥር ያለችው ፓምፕ ቀለሙን ከታች ስባ በቀዳዳዎቹ ማሳለፍ ነው። የተሳበው ቀለም የሚሄደው ማሽኑ ሆድ ውስጥ ወዳለ ስፖንጅ ነው። አንድ ቀለም ብቻ ጎድሎ ስድስቱም ይሳባሉ። ስፖንጁ በማሽኑ ቁጥር ሲሞላ መብራቶቹ ብልጭ ብልጭ ይላሉ፤ ማሽኑ አላትምም ይላል። ያኔ ሪሴት ይደረጋል። ሪሴት ግን ቁጥሩን ዜሮ ያደርጋል እንጂ ስፖንጁን አያደርቅም፤ ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ቀለም የሚያንጠባጥብ ፕሪንተር ሪሴቱ ብቻ የተደጋገመለት ነው። ስፖንጁን ማጠብ ወይም መቀየር፣ አለዚያም ብዙ ጠጋኞች እንደሚያደርጉት ቱቦውን ወደ ውጭ አውጥቶ ጠርሙስ ላይ ማሳረፍ አብሮ መሠራት አለበት።

ክሊኒንግ የማይሠራበት ትልቁ ምክንያት ደግሞ ሄዱ ሳይሆን ክዳኑ ነው። የላስቲክ ከንፈሩ ላይ የደረቀ ቀለም ከተጋገረ በደንብ አይገጥምም፤ ፓምፗ በቀለም ፈንታ አየር ትስባለች፤ በየክሊኒንጉ ጉድለቱ ይብሳል። ይህን የሚለይ ቀላል ፈተና አለ። ማሽኑ በርቶ ሄዱ ከጥጉ ሲነሣ ሶኬቱን ነቅሎ ሄዱን ወደ ግራ መግፋት። ክዳኑ ውስጥ ያለችውን ስፖንጅ እስኪሞላት በሲሪንጅ ጥቂት ጠብታ የተጣራ ውሃ መጣል፤ ከንፈሩን በረጠበ ጥጥ ዙሪያውን መጥረግ። ከዚያ ሄዱን መልሶ፣ አብርቶ አንድ ክሊኒንግ ማስደረግና እንደገና ከፍቶ ማየት። ውሃው ከተሳበ ፓምፗ ደህና ናት። ውሃው እዚያው ተንጣሎ ከተገኘ ስንት ክሊኒንግ ቢደረደር ዋጋ የለውም፤ መጀመሪያ ፓምፗና ቱቦዋ ይታጠባሉ። በዚህች ፈተና ብቻ ጎንደር ከመሄድ የሚድን ማሽን ጥቂት አይደለም።

ፓምፗ ደህና ሆና ጉድለቱ እዚያው ከሆነ ሁለት ሦስት ክሊኒንግ፣ በየመካከሉ ቼክ። ካልተለወጠ ማቆም፣ አጥፍቶ ማሳደር። የመጣው ትኩስ ቀለም ሌሊቱን የደረቀውን ያርሰዋል፤ ጠዋት ሞቅ ሲል እንደገና ማየት ነው። ትዕግሥት በዚህ ሥራ ከፈሳሽ ሁሉ ይበልጣል፤ የሙሽራ ቀጠሮ ያለበት ሰው ይህን መስማት እንደማይወድ ግን አውቃለሁ።

ቀጣዩ ሲሪንጅ ነው፤ ጠጋኞች የሚከፋፈሉትም እዚህ ላይ ነው። ገሚሱ ዳምፐሩን አንሥቶ በሄዱ ቀለም መቀበያ ላይ ቀጭን ቱቦ ገጥሞ የማጠቢያ ፈሳሽ በቀጥታ ይገፋል። ሌላው ማጠቢያ የነካ ጥጥ ወይም ጨርቅ ከሄዱ ሥር አስቀምጦ ያሳድራል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፤ ቢያንስ መጀመሪያ። በኃይል የተገፋ ፈሳሽ በቀዳዳው መውጣት ሲያቅተው የሄዱን የውስጥ ሽፋን ያላቅቃል፤ ከዚያ ቀለም ከቀለም ይደባለቃል፤ ያ አይመለስም። ፈሳሹ ወደ ሄዱ ጠፍጣፋ ገመድ ከተንሸራተተ ደግሞ ማሽኑ ሲበራ ሄዱ ብቻ ሳይሆን ቦርዱም ይቃጠላል። ፈሳሹን በተመለከተ ለዚሁ የተሠራ ማጠቢያ ካልተገኘ የባትሪ ውሃ የሚባለው የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ ባትሪ ቤት አጠገቡ የሚቀመጠው አሲድ እንዳይሆን ጠይቆ፣ ምልክቱን አንብቦ መግዛት። የቧንቧ ውሃ ማዕድኑን ቀዳዳው ላይ ይተዋል። አሴቶንና ቤንዚን ማጣበቂያውን ይበላሉ። አረቄም ለዚህ አልተጠመቀም።

ቀለሙ ራሱ ሰፊ ጉዳይ ነው። የእነዚህ ማሽኖች የፎቶ ቀለም ዳይ ነው፤ ውሃ ውስጥ ፈጽሞ የሚሟሟ። ፒግመንት የሚባለው ዱቄቱ በፈሳሽ ውስጥ የተንሳፈፈ ነው። ሁለቱ ታንክ ውስጥ ሲገናኙ ሊረጉ ይችላሉ፤ ያ ዝቃጭ በዳምፐሩ ተጣርቶ አያልቅም። አዲስ ዓይነት ቀለም ሲገዛ ከአሮጌውና ከአዲሱ አንድ አንድ ጠብታ መስታወት ላይ ቀላቅሎ ማሳደር ይጠቅማል፤ ጠዋት ፍርፍር ወይም ንፍጥ የመሰለ ነገር ከታየ ሁለቱ አይገናኙ። የኦሪጅናሉ ጠርሙስ 70 ሚሊ ሊትር ነው፤ ግን ባዶ ኦሪጅናል ጠርሙስ ተሞልቶ እንደገና እንደሚሸጥ ማሰብ ተገቢ ነው።

ርካሽ ቀለም ሁሉ ሄድ ይደፍናል ማለት ግን ትክክል አይደለም። በብዛት የሚያመጣው ችግር የቀለም መዛባት ነው። የፋብሪካው ድራይቨር፣ ማለትም ፕሪንተሩን የሚያዛው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የተቀመረው ለፋብሪካው ቀለም ነው፤ የሌላው ማጄንታ ትንሽ ከደመቀ ቼኩ ሙሉ ሆኖ ፎቶው ሁሉ ይቀላል። ትክክለኛው መፍትሔ ለቀለሙና ለወረቀቱ የተለካ የቀለም ማረሚያ ፋይል (ፕሮፋይል) ነው፤ የመለኪያው መሣሪያ ግን ለትንሽ ፎቶ ቤት የሚቀመስ አይደለም። ከጥቁር እስከ ነጭ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ግራጫ ምስል አትሞ፣ ግራጫው ግራጫ እስኪሆን የድራይቨሩን ማስተካከያ ነካ ነካ አድርጎ፣ ውጤቱን በስም ማስቀመጥ ያግዛል። ቀለሙ እስኪቀየር ድረስ ይሠራል። በየፎቶው ማስተካከል ግን መጨረሻ የለውም። ይህን ቅንብርና ድራይቨሩን ሁለት ፍላሽ ላይ ማስቀመጥም ያስፈልጋል፤ በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ ኮምፒውተሩን ፎርማት ያደረገ ሰው ድራይቨሩን ከየትም ማውረድ አይችልም ነበር።

ወረቀት ላይ ብዙ አልቆይም። ግሎሲ ወረቀት የተቀባው ብዙ ጊዜ በአንድ ፊቱ ነው፤ ጥርጣሬ ካለ ጥጉን በረጠበ ጣት መንካት፣ የሚይዘው ፊት የሚታተምበት ነው። ለሌዘር የተሠራ ግሎሲ ኢንክጄት ላይ ሲገባ ቀለሙ ላዩ ላይ ያቁራል፣ አይደርቅም፤ እሱንም «ቀለሙ ፌክ ነው» የሚል አይጠፋም። ግሎሲ አስገብቶ ድራይቨሩ ላይ ተራ ወረቀት እንደ ተመረጠ መተው ደግሞ ፎቶን የሚያደበዝዝና መስመር የሚያወጣ፣ ያለ ሳንቲም የሚታረም ስሕተት ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራው ጥፋት ሦስት መልክ አለው። ስክሪኑ ከልክ በላይ ደምቆ ስለሚሠራበት ፎቶው «ጠቁሮ ይወጣል»፤ ማሽኑ ምንም አላደረገም፣ ብርሃኑን መቀነስ ነው። ፎቶሾፕ ቀለሙን እያስተዳደረ ድራይቨሩም በላዩ ላይ እንደገና ካስተዳደረ ፎቶው ወደ ቀይ ያዘነብላል፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይሥራ። ሦስተኛው የቴሌግራም ፎቶ ነው። በፎቶነት የተላከው ተጨምቆ ይመጣል፤ ደንበኛው በፋይል እንዲልክ መንገር ነው። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር በ300 ዲፒአይ ጥራት ለማተም 1200 በ1800 ፒክሰል ያህል ይፈልጋል፤ ኤ4 ግን 2480 በ3508። ለጉርድ የሚበቃ ፎቶ ለለቅሶ ሲተልቅ የሚፈረካከሰው ለዚህ ነው፤ እዚህ ላይ ክሊኒንግ ማድረግ ምን ይሉታል።

መስመሮች በእኩል ርቀት እየተደጋገሙ ከወጡ የወረቀት መሳቢያው ጎማና አላይንመንት የሚባለው የሄዱ አሰላለፍ ማስተካከያ ይታያሉ። ጽሑፍ ጥላ እንዳለው ሁለት ከሆነ አላይንመንት ማድረግ ወይም በሁለት አቅጣጫ የሚያትመውን ፈጣን ኅትመት ማጥፋት ነው። ሄዱ ጥጉን እየመታ የሚቆም ወይም ምስሉ የሚዘላልል ከሆነ ከሄዱ ጀርባ የተዘረጋችውን ስስ ፕላስቲክ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፤ ማሽኑ ሄዱ የት እንዳለ የሚያውቀው በእሷ ላይ ባሉ ረቂቅ ጭረቶች ነው፤ የግሪስ ጠብታ ታሳውረዋለች።

ከወራት በኋላ ተመልሶ የሚመጣ ቅሬታም አለ፤ ፎቶው ግድግዳ ላይ ነጣ። በከፍታ በየሺሕ ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር አሥር በመቶ ያህል ስለሚጨምር በደባርቅ መስኮት የተሰቀለ የዳይ ፎቶ ዕድሜው አጭር ነው። መስታወት ውስጥ ገብቶ ፀሐይ የማይመታው ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ይሻላል፤ ይህንንም ደንበኛው ፎቶውን ሲረከብ መንገር ነው እንጂ ሲመለስ አይደለም።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ፣ ፓምፗ ስባ፣ ቀለም ደርሶ፣ ማሽኑ ሞቆ፣ ደጋግሞ አድሮ፣ ቼኩ ላይ ያው ክፍል ያው ባዶ ከሆነ ያኔ ሄዱ ሞቷል። አንድ ቀለም ሳይታዘዝ እንደ መስመር የሚፈስ ከሆነም ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ነው፤ መታጠብ አያድነውም። የሄዱን ዋጋ ከአዲስ ማሽን ጋር ማስተያየት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ሒሳብ ነው። ሄድ ብቻ ቀይሮ አሮጌ ዳምፐርና አሮጌ ክዳን መተው አዲሱን በወራት ውስጥ ወደዚያው ይመልሰዋል፤ ስለዚህ የሦስቱ ዋጋ አንድ ላይ መደመር አለበት። ድምሩ ከአዲስ ማሽን ዋጋ ግማሽ ካለፈ እኔ አልቀይርም። ጥቁሩ ደህና የሆነ አሮጌ ማሽን ማመልከቻና ቅጽ እያተመ ቤቱን ይደጉማል፤ ፓምፑ፣ ቦርዱና አዳፕተሩ ደግሞ ዳባት ላለው ተመሳሳይ ማሽን መለዋወጫ ይሆናሉ።